በእትዬ ፌቨን ስም የተተከለ ድንኳን

እትዬ ፌቨንን ዐሥራ አንድ ጊዜ ለሞት መዝግቤያቸዋለሁ። ዐሥራ አንዱንም ጊዜ ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ዐሥራ አንዱንም ጊዜ አውራ ጣታቸውን ያሳረፉበት ራሳቸው ናቸው። ገና ከበራቸው ስገባ «አሁን ደግሞ መቼ ነው የምሞተው?» ይሉኛል። ቀኑን እነግራቸዋለሁ። አንዳንዴ ቀኑ በዓል ላይ ይውልና ይስቃሉ።

ሲሰሙት ሟርት ይመስላል። ሟርትም ነው፤ ግን ከእኛ አልመጣም። በከተማችን ደንብ ድንኳን ጊዜያዊ ግንባታ ነው። ግንባታ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃድ ከተጠየቀ ጎረቤት የመቃወም መብት አለው፤ ጎረቤት በደንብ አስቦ እንዲቃወም ደግሞ አርባ ቀን ይሰጠዋል። ስለዚህ የለቅሶ ድንኳን የሚፈልግ ሰው ከመሞቱ ከአርባ ቀን በፊት ማመልከት አለበት። ድሮ አርባ ቀን የሚቆጠረው ከሞት በኋላ ነበር። ደንቡ በ2071 ሲወጣ በሕዝብ ስብሰባ ላይ አንዲት ሴት ተነሥተው ድንገት የሞተ ሰውስ ምን ይሆናል ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄዎ ተመዝግቧል ተባሉ። እስከ ዛሬም ተመዝግቦ ይገኛል።

ድንኳን ባይኖርስ ቤት ውስጥ አይለቀስም ወይ የሚል ካለ፣ የእኛን ቤት አያውቀውም ማለት ነው። ሰፈራችን ዋርካ ማዞሪያ ሁሉም ባለዐሥራ ሁለት ፎቅ ነው። ዋርካው ራሱ በፕላኑ ላይ ስላልነበረ ከተነሣ ቆይቷል። አንድ ቤት ሃያ አራት ካሬ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ መያዝ አይፈቀድለትም፤ የሚቆጥረውም በሩ ነው። ሰው በገባ ቁጥር ስሙን ጠርቶ በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ይናገራል፤ ሰባተኛው ሲመጣ አይከፈትለትም። ስማችን ያለው በኪሳችን በምንይዘው ቁልፍ ላይ ነው። በሩ መጀመሪያ ፊት ያይ ነበር፤ ሰው እያረጀ ሲሄድ ተምታታበትና ተዉት።

ጎረቤታችን አቶ ሚልኪያስ የሞቱ ጊዜ ድንኳን አልነበረንም። ስድስት ስድስት ሆነን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየተካፈልን አለቀስን። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ይጠብቃል። ባለቤታቸው አሟሟታቸውን ለሚገባው ሁሉ ከመጀመሪያው እየጀመሩ ሲያወሩ ሰነበቱ፤ በሦስተኛው ቀን ማልቀሱን ትተው ሰዓት ማየት ጀመሩ። እድሩ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይደገምም ብሎ የወሰነው ያን ጊዜ ነው።

ብልሃቱ ቀላል ነበር። የጸደቀ ፈቃድ ለአርባ ቀን ያገለግላል። አንዱ ሳያበቃ ሌላውን ካመለከትን ሁልጊዜ በእጃችን አንድ ፈቃድ ይኖረናል፤ ድንኳኑም ሲተከል ለሦስት ቀን መቆም ይችላል። የቸገረው ስም ነው። ማመልከቻው የሟች ስም ይላል። የታመመ አለ፣ ያረጀ አለ፤ ግን የትኛው ቤት ገብተህ ለአባትህ ሞት ቀጠሮ እንያዝ ትላለህ? አንዷ የጠየቅኋት ሴት እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። እትዬ ፌቨን ግን ሳይጠየቁ መጡ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ልጅ የላቸውም፣ ሟርትም አይፈሩም። ሠላሳ አራት ዓመት በከተማው ፕላን ክፍል ፕላን ሲነድፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔን ጻፈኝ፣ የእኔ ሞት ለሁላችሁም ይብቃ አሉኝ።

ደግሞም ድንኳኑ የሚተከለው በእሳቸው ደጃፍ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ የቀረችው አንዲት ምድር ቤት የእሳቸው ናት፤ ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ስምንት እርምጃ የሚሆን ደጅ። ሌላው ሁሉ የእግረኛ መንገድ ነው፤ የእግረኛ መንገድ ደግሞ ለመሄጃ እንጂ ለመቆሚያ አልተፈቀደም። በፕላኑ ላይ የእሳቸው ቦታ አረንጓዴ ነው። እስከዚያው ግን በራቸው ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ተለጥፏል፦ «ነባር አጠቃቀም። የሚቆየው እስከ ባለይዞታዋ ሕልፈት ድረስ ነው።» በየጠዋቱ ያንን ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ቆሻሻ ከሆነ የሞትኩ ይመስላቸዋል አሉኝ።

እኔ አቤኔዘር እባላለሁ፤ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። የምኖረው ስድስተኛ ፎቅ ነው። ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቴ ሶልያና ትባላለች፤ ከአንድ ልጇ ከይርጋ ጋር ነበር የምትኖረው። ይርጋ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሕንጻ ይቀባል። ማታ ሲመለስ በሩ «ይርጋ ገብቷል። በቤቱ ሁለት ሰው አለ» ሲል በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። ሶልያና ያንን ድምፅ ሳትሰማ እሳት አታጠፋም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኛ ምክር ቤት ደግሞ ጉዱን የሚያሰማው በክረምት ነው። በ2075 ክረምት የሕንጻዎች ቀለም ከግራጫ ቁጥር አራት ወደ ግራጫ ቁጥር አምስት እንዲቀየር ተወሰነ። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ፤ ልዩነታቸው አልታየኝም። የመጨረሻው ቀን ጳጉሜ አምስት ነበር። ያንን ቀን ያሳለፈ ሕንጻ አሳንሰሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ ይርጋ በዝናብም ይወጣ ነበር። ነሐሴ ዐሥራ ዘጠኝ ማለዳ፣ ከዘጠነኛ ፎቅ፣ ገና ግማሹ ቁጥር አራት ከሆነ ግድግዳ ላይ ወደቀ።

ተቋራጩ ሬሳውን ከቀትር በፊት በራሱ መኪና አመጣልን። ሐኪም ቤት ብወስደው ይመዘገባል፣ ቢመዘገብ ለሁላችንም ጣጣ ነው አለ። እጃችንን እየጨበጠ አዘነ። ገመዱን ግን አልተወልንም፤ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።

ሶልያና ያን ቀን አላለቀሰችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚገባውን ሰው ትቆጥር ነበር። አራት ገባን፣ አምስት ገባን፣ በሩ ስድስት ሲል ቀና ብላ አየችኝና «ጋሽ አቤኔዘር፣ ልጄን እንደ አቶ ሚልኪያስ ነው የምታስለቅሱኝ?» አለች።

በእጄ ያለው ፈቃድ የእትዬ ፌቨን ነው። በሌላ ሰው ስም የወጣ ድንኳን ለሌላ ሰው አይተከልም፤ በስሙ አዲስ ማመልከት ደግሞ አርባ ቀን ነው። መቃብሩም ከድንኳኑ ፈቃድ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ነው፤ ያለዚያ ለቀብር የሚሰጥ መሬት የለም። አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። በእትዬ ፌቨን ስም ተክለን ይርጋን እናልቅስ፤ በእሳቸው ስም እንቅበረው። ከዚያ በኋላ እሳቸው እቤታቸው ይቀመጣሉ፣ ማን መጥቶ ያያቸዋል? የድንኳን ፈቃድ አንድ ጠረጴዛ ነው፣ የይዞታ መዝገብ ሌላ ጠረጴዛ። እድሜዬን ሙሉ እነዚህ ሁለት ጠረጴዛዎች ተነጋግረው አያውቁም። አባቴ አንዱ ቢሮ በሰጠው ደብዳቤ ሌላው ቢሮ አላውቅህም ሲለው ኖሮ ሞቷል፤ በዚያው ክፍተት ደግሞ ቤት ሠርቶ አሳድጎናል። እኛ በዚህ አገር በመንግሥት ሥርዓት ተማምነን አናውቅም፤ የተማመንነው በዝርክርክነቱ ነው። እኔም ያን ቀን በእሱ ተማመንኩ፣ ብልጥ የሆንኩም መሰለኝ።

ወርጄ ለእትዬ ፌቨን ሐሳቤን ነገርኳቸው። ሰሌዳው ምንም እንደማይሆን፣ ሁለቱ ጠረጴዛዎች እንደማይተዋወቁ አስረዳኋቸው። ፕላን ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት ለሠራ ሰው ስለ ፕላን ክፍል አስረዳሁ! አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ድንኳኑ ስንት ሰው ይይዛል አሉ። መቶ ሃያ አልኳቸው። ተነሥተው በሩን ከፈቱና ደጃቸውን ትንሽ ቆመው አዩት። ከዚያ ድንኳኑን በሚያስተክለው ወረቀት ላይ፣ በሟች ቦታ፣ ጣታቸውን አሳረፉ። ጥቁር ቀሚሳቸውን ከሣጥን ሲያወጡ ጥያቸው ወጣሁ።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። መቃብሩ ላይ የቆመው ምልክት «ፌቨን ተስፋልደት» ይላል። በፍትሐቱ ጊዜ ግን ቄሱ በክርስትና ስሙ ጠሩት፤ መዝገቡ የክርስትና ስም አያውቅም። ይርጋ በገዛ ስሙ የተሸኘው እዚያች ላይ ብቻ ነው።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ሞላ። አግዳሚው ሁሉ ተይዞ ሰው ቆሞ ነበር። እንደዚያ ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሰው ካየሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ትከሻ ለትከሻ ሲነካካ ያፈረ ሁሉ ነበር። በመካከለኛው ምሰሶ ላይ ጆሮ የምንለው ዕቃ ተገጥሟል። ድንኳኑ ሠርግ እንዳይሠራበት፣ ንግድ እንዳይነገድበት፣ ለተፈቀደለት ሰው ብቻ መዋሉን የሚያዳምጥ ነው። ለቅሶ ከሰማ፣ የሟችን ስም ከሰማ፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል።

ሶልያና ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያው ለቅሶ ወጣት። «ይርጋዬ» አለች። «ይርጋ፣ ይርጋ፣ ልጄ» እያለች ደረቷን መታች። ሴቶቹ ተቀበሏት። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ቢጫ ሆኖ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ይቀላል፤ ከቀላ ድንኳኑ ይፈርሳል። ሁሉም መብራቱን አየ፣ ከዚያም እኔን አየ። ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«ሶሊ» አልኳት፣ «ስሙን አትጥሪው።»

«የማንን ስም?»

«የልጅሽን።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። እትዬ ፌቨን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎኗ ተቀምጠው ነበር፤ እጇን ያዟት።

«እኔን ጥሪኝ» አሏት። «ፌቨን እያልሽ አልቅሺ። ለማን እንደምታለቅሺ እግዜር ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።»

ሶልያና መብራቱ ሊቀላ ሲል «ፌቨን» አለች፤ ልክ የአንድ ዕቃ ስም ጠፍቷት እንደምትጠይቅ ዓይነት። ቀጥላ ደገመችው። «የኔ ፌቨን፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላሽ። በዝናብ አትውጪ እያልኩሽ።» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ጆሮው ዕድሜ አይቆጥርም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እንባስ አልገደደም፣ ስም ነው የገደደን።

ሦስት ቀን ሙሉ መቶ ሃያ ሰው ፌቨን እያለ አለቀሰ፤ ፌቨን መካከላችን ተቀምጠው አብረው አለቀሱ። ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው መሞታቸውን ሰምቶ እያነባ ገባ። እሳቸው ራሳቸው እግዜር ያጽናህ ሲሉት አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ። ነገሩን በጆሮው ነገርነው። ደረቅ ሰው ይመስል ነበር፤ ሲሰማ ከሁላችንም በላይ አለቀሰ። ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የፕላን ክፍል ሰው ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ድንኳኑን አጣጥፈን ሳንጨርስ ደብዳቤው መጣ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። «በወይዘሮ ፌቨን ተስፋልደት ሕልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ የይዞታው ነባር አጠቃቀም ዘመን ስላበቃ ቤቱ በሰባት ቀን ውስጥ የሚነሣ መሆኑን እናሳውቃለን።»

ወደ ቢሮው ሮጥኩ። የተቀበለችኝ ልጅ ትሑት ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ። ሴትዮዋ በሕይወት አሉ አልኳት። ደስ አላት፣ በእውነት ደስ አላት። ማስተካከል ይቻላል አለችኝ። እድሩ ድንኳኑ ከተፈቀደለት ዓላማ ውጭ መዋሉን በጽሑፍ ካመነ፣ የሴትዮዋ ሕልፈት ይሰረዛል፣ ቤቱም ይቆማል። እስክሪብቶ ፈለግሁ። ከዚያ ቀጥላ፣ ፈቃዱ ሲሰረዝ ከሱ ጋር የተሰጠው መቃብርም እንደሚሰረዝ፣ እዚያ ያረፈው ሰው ካልተፈቀደለት ቦታ በአምስት ቀን ውስጥ ወጥቶ እንደሚነሣ ነገረችኝ። ወዴት እንደሚነሣ ጠየቅኋት። እሱ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው አለች።

ስመለስ እትዬ ፌቨን ዕቃ እየሸከፉ ነበር። ቤቱን ወይም መቃብሩን እንዲመርጡ እንዴት እንደምጠይቃቸው መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጥቻለሁ፤ አልጠበቁኝም።

«መቃብሩን ያነሣሉ አሉህ፣ አይደል?» አሉኝ። «ልጁን ማንም አይነካውም።»

«እትዬ፣ ጠረጴዛዎቹ ተነጋግረዋል።»

«አውቃለሁ። ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻ ሥራዬ ነበር፤ ምስጋናም ተጽፎልኛል።» ሥዕል ከግድግዳ እያወረዱ ነበር፤ አላቆሙም። «ይህንንም ቦታ አረንጓዴ የቀባሁት በዚሁ እጄ ነው። ያን ጊዜ ካርታ ላይ ቤት አይታይህም፤ ቀለም ነው የሚታይህ።»

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። ድምፄ ቁጣ ቁጣ ይል ነበር፤ በራሴ ነው የተቆጣሁት።

«ብነግርህ ድንኳኑን ትተክለው ነበር?»

ብተክለው አረመኔ ነኝ፣ ባልተክለው አረመኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን ሁለቱንም ሳልሆን ሞኝ ብቻ ሆኜ እንድቀር አደረጉኝ። ሥዕሉን ተቀብዬ በጋዜጣ ጠቀለልኩ።

ቤቱን ለማንሣት ሦስት ሰዓት አልፈጀባቸውም። በማግስቱ ሣር በጥቅል መጥቶ ተነጠፈ፤ ዐሥራ አንድ ሜትር በዐሥር ሜትር፣ ዙሪያው በዝቅተኛ ብረት ታጠረ። በሣሩ ላይ መቆም ክልክል ነው። ድንኳኑ ሕንጻችን ሥር ባለው ዕቃ ቤት ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ከእንግዲህ የሚተከልበት ደጃፍ በሰፈሩ ውስጥ የለም። የእድሩ ማኅተም ግን አሁንም እኔ ጋ ነው። ምን እንደማትምበት አላውቅም።

ለሞተ ሰው ቤት አይሰጥም። ስለዚህ እትዬ ፌቨን ሶልያና ጋ ገቡ። አልሸሹም ዞር አሉ ብለው ቀለዱ፣ ማንም አልሳቀም። በመዝገቡ የሞቱት እሳቸው እንጂ ይርጋ አይደለም፤ ይርጋ በሕይወት አለ፣ ቁልፉም ይሠራል። ሶልያና ቁልፉን ከሥራ ሱሪው ኪስ አውጥታ ሰጠቻቸው። እንዲያውም በመስከረም ይርጋ ደብዳቤ ደርሶታል፤ በግራጫ ቁጥር አምስት ላይ አስተያየቱን እንዲሰጥ ለሕዝብ ስብሰባ ተጠርቷል።

እትዬ ፌቨን በገቡ በሁለተኛው ቀን ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ተመለሱ። በግድግዳው በኩል በሩ ሲናገር ሰማሁ። «ይርጋ ገብቷል። በቤቱ ሁለት ሰው አለ።» ከዚያ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ በኋላ እትዬ ፌቨን ከቤት መውጣት ተዉ። የሚያስፈልጋቸውን እኔ እገዛላቸው ጀመር፤ ሶልያናን እንዳያስደነግጧት ብለው መሆኑን ሳይነግሩኝ ገባኝ። ዐሥራ ሁለት ቀን እንደዚያ ቆዩ።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ወደ ማታ፣ ሰው ከሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ የሶልያናን ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ ግድግዳው ግን ስስ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬም አልወጡም?»

ጉልበታቸውን እንዳመማቸው፣ የሚወጡበትም ጉዳይ እንደሌላቸው ነገሯት። ሶልያና ድስት ከደነች።

«እስኪ ትንሽ ወጣ ብለው ይመለሱ» አለች።

የከዘራቸው ድምፅ ወደ በሩ መጣ። እኔም በሬን ከፈትኩ። እትዬ ፌቨን መተላለፊያው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከኋላቸው በሩ ተዘግቷል፣ ቁልፉ በእጃቸው ነው። ደረጃውን አልወረዱም፣ የትም አልሄዱም። ወንበር ላምጣ አልኳቸው፤ በእጃቸው ተው አሉኝ።

«ትንሽ ልቆይ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሥራ የሚመጣ ሰው እንዲህ ቶሎ አይገባም።»

አብሬያቸው ቆምኩ። ከታች ሰዎች እየገቡ ነበር፤ በየፎቁ በሮቹ ስም ይጠራሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን ቀሚሳቸውን አስተካከሉና ቁልፉን ወደ በሩ አስጠጉ።

«ይርጋ ገብቷል» አለ በሩ። «በቤቱ ሁለት ሰው አለ።»

ሶልያና እሳቱን አጠፋች።